ከመርዶው በፊት የነበረው ቅዳሜ

በቶሮንቶ ሐበሻ መካከል መርዶ የሚነግር ሰው ሲፈለግ የሚደወለው ለእኔ ነው። ለምን እኔን እንደሚመርጡ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ የሚመርጡት ፊቴን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ሰካራሙም፣ ተሳዳቢውም፣ የልጅ ጋሪ በሩ ላይ ገትሮ የሚከራከረውም ያልለወጠው ፊት አለኝ። «ፀጋዬ ካለ ነገሩ በሥርዓት ይሄዳል» ይላሉ። ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ሰው በመልኩ ይኮራል፣ በልጆቹ ይኮራል፤ እኔ በመርዶ ኮርቼ ኖርኩ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን ሄደን በር እናንኳኳለን፤ ባለቤቱ ከፍቶ ያን ሁሉ ጥቁር ልብስ ሲያይ ግማሹን ራሱ ያውቀዋል፣ ቀሪውን እኔ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን መደበቅ ነው። ከአገር ቤት እንዳይደወልለት፣ ፌስቡክ እንዳይከፍት፣ አንዱ ዝርክርክ ገበያ ላይ አግኝቶ «እግዜር ያጥናህ» እንዳይለው ዙሪያውን አጥረን እንጠብቀዋለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት የለ፣ እንደዚያ ነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዓርብ ጠዋት፣ የሽፈራው እህት ብርሃነሽ ደሴ ላይ ሞተች።

ሽፈራው ጓደኛዬ ነው። ጓደኛ ማለት ራሱ ያንሰዋል። ገዳሪፍ አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተናል፣ ካርቱም አንድ ሸሚዝ እየተቀያየርን ለብሰናል፣ ካናዳም የገባነው በአንድ ወር ልዩነት ነው። እሱ ታክሲ ነዳ፣ እኔ አውቶቡስ። መጋቢት ላይ ልቡን ታመመና የደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ አስገቡለት፤ ከዚያ ወዲህ ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝ ጀልባ ያያል።

ይህን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሰውዬው በዩቲዩብ የሚያየው ኳስ አይደለም፣ ፖለቲካ አይደለም፣ ስብከትም አይደለም። አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ረጅምና ጠባብ ጀልባውን ይዞ፣ ሰው በቆፈረው ቦይ ላይ፣ ከእግረኛ በማይፈጥን አካሄድ ይሄዳል። ከኋላ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ሚስቱ ትወርድና የውሃውን በር ትከፍትለታለች። ዳክዬ ያልፋል። አለቀ። ሽፈራው ይህን ሦስት ሰዓት ሙሉ አፉን ከፍቶ ያያል። «ምኑ ነው የሚታየው?» ብዬ ስጮህበት «እስቲ እይ፣ አንድም የሚቸኩል ሰው የለም» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይመኝ።

ዓርብ ማታ ሪጀንት ፓርክ የሽፈራው ልጅ ሩቲ ቤት ተሰበሰብን። ሩቲ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሙሉነህ፣ እና እኔ። የብርሃነሽ ልጅ ራጉኤል ከደሴ ደውሎልኝ ነበር፤ ያለኝን ለሁለቱ ነገርኳቸው። «ጋሽ ፀጋዬ፣ አጎቴ የሚመጣ ከሆነ አስከሬኑን ሆስፒታል አቆይተን እስከ ማክሰኞ እንጠብቀዋለን። የማይመጣ ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንቀብራለን። ቅዳሜ ማታ እስከ አንድ ሰዓት ቁርጡን ንገሩኝ፣ ለእድሩ ማሳወቅ አለብኝ።» ደሴ ማታ አንድ ሰዓት ማለት እዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ኖ ዌይ» አለች ሩቲ። «ዶክተሩ ስትረስ እንዳይነካው ብሏል። ፕሌን ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ? ማን ነው ሪስፖንሲብል የሚሆነው?»

«ዶክተሩ አትብረር ብሎታል?» አልኳት።

«እንደዚያ አላለም። ግን ጋሼ፣ እህቴ ሞተች ብሎ እያለቀሰ አሥራ ሦስት ሰዓት? አይ ካንት። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጅቱ ካለች አለች ነው» አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ራጉኤል የእኔን ቃል ነው የሚጠብቀው፤ ከሽፈራው ጋር ስንት ዘመን እንደኖርኩ ያውቃል። «እስከ ነገ ላስብበት» አልኳቸው። አላሰብኩበትም። ልቤ ከልጅቷ ጋር ነበር።

የቀረው ቅዳሜን ማሳለፍ ነበር። ቅዳሜ ደሴ ወሬው ይበተናል፣ ስልኩ ይጮኻል። ሩቲ ለአባቷ ልደት ብላ ለነሐሴ የያዘችው ስጦታ ነበራት፦ ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወጣ ብሎ፣ በፒተርቦሮ በኩል በሚያልፈው ቦይ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የአገሩን ዓይነት ጀልባ ሠርቶ ለቀን ያከራያል። «ለነገ ቼንጅ ላድርገው?» አለች። «ስልክ አይዝም፤ ውሃ ላይ ማንም አያገኘውም።»

«ግሩም ሐሳብ ነው» አልኩ። ማንም አላለም፣ እኔው ነኝ ያልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሽፈራው ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ አድርጎ ሕንፃው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሩቲ «አባዬ፣ ዛሬ ስልክ የለም፤ የስጦታው ሕግ ነው» ስትለው አውጥቶ ሰጣት። ደስ ብሎት። «ውሰጂው፣ ጣይው!» አለ። የት እንደምንሄድ አልነገርነውም ነበር፤ መኪናው ውሃው ዳር ሲቆም ያቺን አረንጓዴ ረጅም ጀልባ አያት። ወርዶ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተም ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«እንዴት ቻልክ? ከእኔ እኮ ሚስጥር አትደብቅም!» ብሎ አቀፈኝ። ትከሻው ላይ ሆኜ ሩቲን አየኋት፤ ፊቷን አዞረች።

የጀልባው ባለቤት አነዳዱን ሊያስተምረን ጀመረ። መሪው እንደ መኪና ክብ አይደለም፤ ከኋላ የተተከለ ረጅም ዘንግ ነው፣ ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ሽማግሌው ገና አፉን ሲከፍት ሽፈራው ቀደመው፤ ዘንጉን እንዴት እንደሚይዙ፣ ሎክ የሚሉት የውሃ በር ውስጥ ሲገባ ገመዱን የት እንደሚያጠልቁ፣ ሌላ ጀልባ ሲመጣ በየት በኩል እንደሚያሳልፉ በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛው ዘረገፈለት። ሽማግሌው «ስንት ዓመት ነድተሃል?» አለው። «ሶፋ ላይ፣ አምስት ወር» አለው ሽፈራው። ሰውዬው እየሳቀ ቁልፉን ሰጠው።

እኔም ሞከርኩ። የሃያ ስምንት ዓመት ሹፌር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሸምበቆ ውስጥ ከተትኳት። ሽፈራው በረጅም እንጨት ዳሩን እየገፋ አወጣንና «ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ሳትጨርሰው ጡረታ ወጣህ?» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። ሩቲም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዘንጉን ለማንም አልሰጠም። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። ጀልባዋ ታ-ታ-ታ እያለች ትሄዳለች፣ ዳር ላይ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ይቀድሙናል፣ ሽፈራው ለእያንዳንዳቸው ባርኔጣውን ያነሳል። ሩቲ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ነበር፤ ቀዳችለትና እንደዚያ እንግሊዛዊ በግራ እጁ ኩባያውን፣ በቀኙ ዘንጉን ይዞ ቆመ። ሰውዬው ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ግን ሠላሳ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ሎክ የደረስነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሎክ ማለት የውሃ ደረጃ ነው፦ ጀልባዋ በሁለት ከፍተኛ ግንቦች መካከል ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ እሷም ወደ ታች ትወርዳለች፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። በሩን የምትከፍተው ሽበታም ሴትዮ እንደ አውድማ በሬ ዙሪያውን እየዞረች እንጨቱን ትገፋለች። ሽፈራው ወርዶ ላግዝ ብሎ ለመናት። እሷም ፈቀደች፤ ልቡን የታመመ ሰው፣ ሩቲ «አባዬ!» እያለች፣ ሁለት ዙር ገፋ።

እሱ እዚያ ላይ ሳለ ሩቲ ወደ ጀልባዋ ፊት ወሰደችኝ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ነገርከው ራጉኤልን?»

«ሩቲ፣ ጠዋት ሲያቅፈኝ ሐሳቤን ለወጥኩ፤ እንጠይቀው። ነገሩ የእሱ ነው።»

«አሁን? እዚህ? ሉክ አት ሂም፣ ጋሼ። በሕይወቴ እንደዚህ ሃፒ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ይህን ልታበላሽበት ነው?»

ቀና ብዬ አየሁት። ግንቡ ጫፍ ላይ ከሴትየዋ ጋር ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ታዲያ ምን ልበል? እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን እኔ የመርዶ ሰው ነኝ፣ ሥርዓት አለኝ፣ ጎህ ሲቀድ እንጂ በእኩለ ቀን በጀልባ ሽርሽር መሐል አይነገርም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ፈራሁ። ያ ፊት በእኔ አፍ ሲፈርስ፣ ያለ ጥቁር ልብስ፣ ያለ ሰዎች፣ ብቻዬን ቆሜ ማየት ፈራሁ። ስልኬን አወጣሁና ለራጉኤል ጻፍኩ፦ «አይመጣም። ቅበሩ።»

ሩቲ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። «ታንክ ዩ፣ ጋሼ» አለች። ወዲያው ውሃው መጉደል ጀመረ።

ሎኩን ካለፍን በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር አስረናት ሳንድዊች በላን። ሽፈራው ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይውጥ ተነሳ። «ፀጋዬ፣ ስልክህን አምጣ። የኔን ሩቲ ደብቃዋለች። እስቲ መሪዋ ጋ ቆሜ ቪዲዮ አንሳኝና ለብርሃነሽ ላክላት።»

ሩቲ ሳንድዊቿን አስቀመጠች። እኔ ስልኬን አነሳሁ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? እሱ ኮቱን አስተካከለ፣ ባርኔጣውን አዘነበለ፣ ዘንጉን ያዘ።

«ብርሃነሽ! እይው ወንድምሽን! ካፒቴን ሆኗል! አየሽ፣ አንቺ በልጅነቴ ቦርከና ወንዝ ትወድቃለህ ብለሽ ትቆነጥጪኝ አልነበር? ይኸው ውሃ ላይ ነኝ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ለጥምቀት መጥቼ ራሴ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ፣ ራጉኤልን አትስሚው። በይ ቻው፣ ዳክዬዎቹን እይ። ፀጋዬ፣ ዳክዬዎቹን አሳያት።»

ዳክዬዎቹን አሳየሁ።

«ላክኸው?»

«ላክሁት» አልኩ።

ተቀመጠና ሻዩን አነሳ። ቪዲዮው የቆየ ነገር አስታወሰው መሰለኝ። «ታውቃለህ» አለ፣ «አባቴ ሲሞት እኔ ካርቱም ነበርኩ። ሦስት ወር ነው የደበቁኝ። እያወቁ ከእኔ ጋር ካርታ ይጫወታሉ። እያወቁ ሰርግ ወሰዱኝ፣ ጨፈርኩ። ያን ጭፈራ እስከ ዛሬ ሳስበው እግሬን መቁረጥ ያምረኛል።»

«ለአንተው አስበው ነው» አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር።

«ለእኔ አስበው! ለእኔ የሚያስብ ሰው የሐዘኔን ቀን ይሰጠኛል። ብርሃነሽ ብቻ ናት ያዘነችልኝ፤ እሷም ያኔ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አባባ ላይ አፈር አልመለስክም፤ የእኔን ካላደረስክ ግን በሰማይ እጣላሃለሁ።› ሐኪሙን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። መብረር ይቻላል ወይ አልኩት። መድኃኒትህን ከዋጥክ ችግር የለም አለኝ።»

ሩቲ «ዌን ዲድ ዩ...» ብላ አቋረጠች።

«ባለፈው ሳምንት። አንቺ እንዳትከለክይኝ ነው ያልነገርኩሽ» አለና ሳቀ። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው ብሏል። እኔ የምፈራው ሞትን አይደለም፣ እንደ አባቴ ጊዜ ሞኝ መሆንን ነው። አንተ እንኳ እንደዚያ አታደርገኝም።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

ሩቲ ኩባያዎቹን ሰበሰበች፣ እኔ ገመዱን ፈታሁ። ሁለተኛው ሎክ ጋ ስንደርስ ተደብቄ ስልኬን ከፈትኩ። ራጉኤል መልስ ልኮ ነበር፦ «እሺ ጋሼ። ለእድሩ ተናግሬያለሁ። ነገ ጠዋት ጡሩምባ ይነፋል። ቀብሩ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ማስቆም ይቻል ነበር። ይህን ማንም ባይጠይቀኝም እናገራለሁ። ጡሩምባው ገና አልተነፋም፣ መቃብሩ ገና አልተቆፈረም፣ የማታው አውሮፕላን ገና አልተነሳም። አንድ ስልክ ነበር። ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ይመጣል» ማለት ነበረብኝ። ግን ይመጣል ለማለት መጀመሪያ ለሽፈራው መንገር አለብኝ፤ ለሽፈራው ስነግር ደግሞ ጠዋት ሲያቅፈኝ ለምን ዝም እንዳልኩ፣ ቪዲዮው ከስልኬ እንዳልወጣ መንገር አለብኝ። አንድ ውሸት ቢሆን ይመዘዛል። ያኔ ግን ስንት እንደሆነ ራሴም ጠፍቶብኝ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ገመዱን ያዝኩ።

ጀልባዋን ስንመልስ ሽፈራው ሽማግሌውን ሁለት ጊዜ አቀፈው። መኪና ውስጥ፣ ቶሮንቶ እስክንገባ፣ ስለ ቀኑ ሲያወራ ነበር። በሩ ላይ፣ ስልኩን መጠየቅ እንኳ ረስቶ፣ ሲወርድ «ከተሰደድኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለን። አላጋነነም፤ እውነቱን ነበር።

እሑድ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አራት ሰው ሆነን ወጣን። አሳንሰሩ አልበቃንም፣ በሁለት ዙር ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ያኔ ብርሃነሽ ከተቀበረች ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗታል፤ እንዲህ ያደረግነው አስበን ነው፣ ልሂድ እንዳይል። ሽፈራው በፒጃማ ከፈተ። አየን። እኔ ከፊት ነበርኩ።

«ሽፈራው፣ ወንድሜ፣ ሁላችንም የዚያው መንገድ ነን» አልኩ፣ ሁልጊዜ እንደምለው። «ብርሃነሽ አርፋለች።»

ጮኸ። ደረቱን መታ፣ ወደቀ፣ አነሱት። ሩቲ እላዩ ላይ ተጠመጠመች። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እንደ ሥርዓቱ ሁሉም ሆነ። ሰዎቹ በዓይናቸው «ጎሽ» አሉኝ። ልቡም ምንም አልሆነ።

ከዚያ ራጉኤል ደወለ። ሽፈራው ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁላችንም እየሰማን ተላቀሱ። ሲረጋጉ ሽፈራው «ልጄ፣ መቼ ነው የሞተችው?» አለ።

«ዓርብ ጠዋት ነው፣ አጎቴ። ዛሬ ቀበርናት።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አቆያችኋት?»

«አንተን ስንጠብቅ ነዋ። ጋሽ ፀጋዬ አይመጣም ቅበሩ ብለው እስኪልኩልን ድረስ።»

«መቼ ነው የላከልህ?» አለ ሽፈራው፣ ቀስ ብሎ።

«ትናንት ማታ፣ ለአንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው።»

ሽፈራው በጣቱ ቆጠረ። ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ። ቆጥሮ ሲጨርስ የት እንደነበርን አገኘው፤ ሲያገኘው አየሁት። ስልኩን ዘጋ። ሩቲ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ አይ ቶልድ ሂም...» ማለት ጀመረች። በእጁ ዝም አሰኛት። ልጁ ናት፣ ለእሷ ቁጣ አልነበረውም።

ተነስቶ ወደ ኩሽና ገባ። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማን። በአንድ እጁ ጆግ፣ በሌላው የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ ይዞ ተመለሰና ከፊቴ ቆመ።

አገራችን ከቀብር የተመለሰ ሰው ለቅሶ ቤት ከመግባቱ በፊት እጁን ይታጠባል። ይህን የማያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«እጅህን ዘርጋ» አለኝ።

«ሽፈራው፣ ወንድሜ...»

«ቀባሪዋ አንተ ነህ። እኔ ቤቴ የተቀመጥኩ ነኝ። ዘርጋ።»

ጋሽ ሙሉነህ «ኧረ ተው፣ የሐዘን ቤት ነው» አለ። ማንም አልሰማውም። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሽፈራው ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰልኝ፣ ሳይቸኩል፣ ለእንግዳ እንደሚፈስ አድርጎ። ሲጨርስ ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠና በሩን ከፈተልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ቀብረህልኛል» አለ። «በል ወደ ቤትህ ሂድ።»

ፎጣ የሰጠኝ የለም። እጄ እንደረጠበ አሳንሰሩን ጠርቼ ወረድኩ። አርባው ሲወጣ ሁሉም ተጠራ፣ እኔ አልተጠራሁም።